አርባ አንድ ቅጂ በአንድ ዲስክ

ሰኞ፣ ሐምሌ 7፤ ጧት

ዲስኩን ከቁም ሣጥኑ አናት አወረድኩ። ሻሹን ፈታሁ። ገመዱን መደርደሪያው ላይ ካለው ኮምፒዩተር ሰካሁ። በራ። አባባ በሁለተኛው ቅጂ ላይ እንደ ወትሯቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዘጋሁ፣ ነቀልኩ፣ ጠቀለልኩ፣ መለስኩ። የሰኞ ፍተሻ፣ አራት ደቂቃ።

ግን ዛሬ ሲነሣ ጠቅ አለ። አንዴ ብቻ።

ማንኪያ ይሆናል። እማዬ ጓዳ ነበረች። ጠየቅኳት፤ ማንኪያ የሚባል አልነካሁም አለች። ታዲያ ምንድን ነው? አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው፤ ደግሞ ይህን እጽፋለሁ።

ሰኞ፣ ከሥራ በኋላ

አሁንም ጠቅታው ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቀኑን ሙሉ ክሊኒኩ መስኮት ላይ ተቀምጬ ለበሽተኛ ቱር፣ የወረፋ ቀጠሮ፣ ስሰጥ፣ ማኅተሙ በተመታ ቁጥር እደነግጣለሁ።

ደብተሬ፣ ነገሩን ላስረዳህ፤ አንተ እንደሆንክ ለማንም አታወራም። ዲስኩ ውስጥ ያሉት አባቴ፣ አባባ፣ ናቸው። የእኛ የአይሁዶች ቄስ ነበሩ፤ ካረፉ ሁለት ክረምት አልፏል። ከማረፋቸው በፊት በነበረው ዓመት እዚሁ ሳሎን አስቀምጬ አርባ አንድ ጊዜ ቀዳኋቸው። ግማሹ ጸሎት ነው፣ በግዕዝ። ግማሹ የዘር ቆጠራ፤ በጎንደር ዙሪያ በነበሩት መንደሮቻችን ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን የማን የልጅ ልጅ እንደሆነ። ሳይጽፉ፣ በቃል። እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም። ልጅ ሊዳር ሲል ሽማግሌ ይቁጠርልን ይባላል። ድሮ አባባ ይጠየቁ ነበር፤ አሁን ዲስኩ።

የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ደግሞ ተራው የእኔ ቤት ነው። ልጄ ሽራ ዮሴፍን ልታገባ ነው። የዮሴፍ አያት አባ ተገኝ ከቤኤር ያዕቆብ መጥተው፣ የሁለቱን ወገን ቆጠራ ከአባባ አንደበት ሊሰሙ ነው። ካልሰሙ እሺ አይሉም።

ግልባጭ የለኝም። ያለው ይህ አንዱ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ዛሬም ጠቅ አለ። ሁለቴ።

በሥራ መሐል፣ ወረፋው ሳሳ ሲል፣ በስልኬ ስለ ዲስክ አያያዝ ሳነብ ዋልኩ። ሲዞር አይነቃነቅ። «በሰላም አውጣ» የሚለውን ሳይጫኑ አይነቀል። ሙቀት ጠላቱ ነው። ገመዱ አይጎተት። ከመብራት መቆራረጥ የሚከላከል ማከፋፈያ ይደረግለት። ዝም ብሎ ለዓመት አይቀመጥ፣ አልፎ አልፎ ይነሣ። ይህን ሁሉ አደርጋለሁ! ለልጄ እንኳ እንደዚህ አልተጠነቀቅኩም። ሽራ ሕፃን ሳለች ከአልጋ ወድቃለች። ዲስኩ አልወደቀም።

ሁሉም ጽሑፍ ግን መጨረሻው አንድ ነው። ምንም ብትንከባከቢው ይሞታል፤ ግልባጭ ይኑርሽ።

ግልባጭ እንዳላደርግ ደግሞ ምያለሁ። አባባ ናቸው ያስማሉኝ። ቀድተን የጨረስን ቀን እጄን ይዘው፣ ይህ ነገር እንዳይበተን፣ በአንድ ዕቃ፣ በአንድ ሰው እጅ ይሁን አሉ። ዘር ውስጥ ሰው የሚጎዳ ነገር አለ፣ ከቤት ቤት ሲዞር ጩቤ ይሆናል አሉ። አንዱን ቅጂ፣ ሠላሳ ሦስተኛውን፣ ሲቀዱ እኔንም ከሳሎን አስወጥተውኛል። የመቅጃውን ቁልፍ ተጭኜ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ከዚያ ወዲህም አልከፈትኩትም፤ በአደራ ነው።

እና ምን ይዋጠኝ? ቃላቸውን ብጠብቅ ድምፃቸው ይጠፋል። ድምፃቸውን ባድን ቃላቸውን እበላለሁ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ሄርዝል ጎዳና ላይ፣ ከባንኩ ጀርባ ባለው ምድር ቤት፣ ቦሪስ የሚባል ኮምፒዩተር ጠጋኝ አለ። ሽማግሌ ነው፤ ዕብራይስጡ ከእኔም የባሰ። ዲስኩን አልወሰድኩም። የጓደኛዬ ዲስክ ነው ብዬ ዋሸሁ።

ስንት ዓመቱ ነው? ሦስት። ድምፅ አለው? ጠቅ ይላል። መነጽሩን አወለቀ። ጓደኛሽ ዛሬውኑ ትገልብጠው፣ ነገ እንዳትል አለኝ። ጓደኛዬ አትችልም፣ ምላለች አልኩት። ለማን? ለአባቷ። ትንሽ አሰበና፣ የሳምባ ነቀርሳ የያዘውን ሰው ሹራብ ደርበሽ አታድኚውም አለ። ከዚያ አዲስ ባዶ ዲስክ ሸጠልኝ። ለጓደኛሽ ስጫት አለኝ፤ እንዳወቀብኝ ገባኝ።

አዲሱ ከነካርቶኑ የካልሲ መሳቢያ ውስጥ ነው። አልከፈትኩትም። መግዛት መገልበጥ አይደለም። አይደለም፣ አይደል?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ካርቶኑን አወጣሁ። መለስኩ። አወጣሁ። መለስኩ።

ሽራ ከሠራዊት ለሰንበት መጣች። ስትገባ ካርቶኑን እጄ ላይ አየችው። ኢማ፣ ያላ፣ በይ ቶሎ፣ አስር ደቂቃ ሥራ ነው፣ እኔ ልገልብጥልሽ አለች። መሐላውን ነገርኳት። ሳባ እኮ ጊቡይ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር፣ ቢያውቅ አያስምልሽም አለች። ኢማ የምትለው እኔን፣ ሳባ አባባን፣ ጊቡይ ደግሞ መጠባበቂያ ግልባጩን ነው። ትክክል ሳትሆን አትቀርም። ግን ያስማሉት እኔን እንጂ እሷን አይደለም። ተኮራርፈን ራት በላን።

ወስኛለሁ። እሑድ እማዬን እጠይቃለሁ። እሷ ትፍታኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11፤ ቀትር

ሙቀቱ አይጣል ነው። ሰንበት ሳይገባ ሱቅ ደርሼ መመለስ አለብኝ። ዲስኩን ነካሁት፤ ደህና ነው። እማዬ እንደ ዓርቡ ሁሉ የአባባን ቡራኬ ልትሰማ ትፈልጋለች፤ እስክመጣ ጠብቂ፣ እኔ ነኝ የምከፍተው አልኳት። ቤሰደር፣ እሺ አለችኝ። ልሂድ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

በሰንበት አይጻፍም፤ ስለዚህ የሁለት ቀን ነገር አንድ ላይ ነው የምነግርህ።

ዓርብ አውቶቡስ ዘገየብኝ። እማዬ ጠበቀች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨነቃትና ራሷ ሰክታ ከፈተችው። ሽራ አስተምራታለች፤ ኮምፒዩተሩ ላይ የአባባን ፎቶ መጫን ብቻ ነው። ቡራኬውን ሰምታ ስትጨርስ ድምፁን አቆመች። ማቆም መዝጋት መስሏታል። ዲስኩን ደግሞ በሻሹ ጠቀለለችው፣ እየዞረ። ሻሹ የአባባ ጥምጣም ነው፤ ሦስት ዙር ያህላል። የቄስ ድምፅ ዕርቃኑን አይቀመጥም ትላለች ሁልጊዜ። ተነቅሎ በቀዘቀዘበት ጊዜ ስለሆነ የምንጠቀልለው ምንም ብዬ አላውቅም። እንዲያውም እወደው ነበር። የእኔ ጥፋት ነው፤ ያነበብኩትን ሁሉ ለራሴ ያዝኩት እንጂ ለእሷ አልነገርኳትም።

በር ስገባ ሻማው በርቷል። ሰንበት ገብቷል። ከመደርደሪያው ላይ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል።

አንተ ደብተር፣ የእኔ ቤት እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። እናቴ በሰንበት መብራት አትነካም፣ አታስነካም። አገር ቤት ሳሉ ለሰንበት ሲሉ በረዶ ውስጥ እሳት ሳያነዱ የዋሉ ሰዎች ልጅ ናት። ቆምኩ። ሽራ አየችኝ፣ አየኋት። እጄ ወደ ገመዱ ሲሄድ እማዬ፣ ወርቄ፣ ብላ ጠራችኝ። ስሜን ብቻ። እጄን መለስኩ።

በሰዓቱ በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋው የሰንበት ማብሪያ የቤቱን ማቀዝቀዣ እንደ ልማዱ ሌሊት በአስር ሰዓት ዘጋው። ቤቱ ጋለ። ቅዳሜን ሙሉ ከመደርደሪያው ፊት ለፊት ተቀምጬ ሳዳምጥ ዋልኩ። ጠቅ ሲል ክፉ ነው። ዝም ሲል ይብሳል። እማዬም ጸሎቷን እያደረሰች ትሰማዋለች፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። ጎረቤት ልጥራ ብዬ አሰብኩ፤ ማስነቀልም መንቀል ነው። ከቀትር በኋላ ድምፁ ተቀየረ፤ እንደ መፋቅ አለ። ከዚያ ጸጥ።

ሰንበት ሲወጣ ሻሹን ፈታሁ። ዲስኩ ያቃጥላል። ገመዱን ነቅዬ ብሰካው ምንም። ምንም! አለቀስኩ። አላፍርም፤ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዛሬ ጧት ከሥራ ቀረሁ። ዲስኩን ጡቴ ላይ አቅፌ፣ መንገድ ሲያንገጫግጨው እየተሳቀቅኩ፣ ቦሪስ ዘንድ። ጓደኛሽ መጣች? አለኝ። መጣች አልኩ። ፈታታው፣ አሸተተው፣ ከአንድ ሌላ መሣሪያ ጋር አገናኘው። ሙሉ በሙሉ አልሞተም። በቀስታ፣ ከተገኘው ቦታ ሁሉ እየለቀመ ሊያነበው ይችላል፤ ሦስት ቀን ይፈጃል። ግን አንዴ ነው የሚያነበው፤ ያነበበውን የሚያሳርፍበት ሌላ ዲስክ አምጪ።

ማዳንም መገልበጥ ነው ማለት ነው።

ነገ እመልስልሃለሁ አልኩት። እያንዳንዱ ቀን እየጎዳው ነው አለኝ። ዲስኩን እሱ ዘንድ ትቼ ወጣሁ። ፀሐዩ ላይ ቆሜ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ጠቅታው ምን እንደነበር ገባትና ደረቷን መታች። እኔ ገደልኩት፣ ባሌን ሁለተኛ ቀበርኩት አለች። አይደለም እያልኩ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ መሐላውን ነገርኳት፤ አትገልብጪ እንዳሉኝ።

በኋላ እንዲህ ያለችውን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፤ እንዳልረሳው።

«ለእኔ ብለው ነው፣ ልጄ። የእኔን ነው የደበቁት።»

የእናቷ እናት የቤታችን ሰው አልነበረችም። ከቆላ፣ በልጅነቷ ተገዝታ የመጣች ናት። በቤቱ አደገች፣ ሃይማኖታችንን ያዘች፣ ከቤቱ ልጅ ወለደች። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን ሌላ ነው፤ የሩቅ ዘመድ ልጅ ተብላ ነው የምትቆጠረው። አባባ ሲያገቧት ያውቁ ነበር። ሃምሳ ምናምን ዓመት አፋቸውን ዘጉ። ቆጠራ ላይ ደግሞ መዋሸት አልሆነላቸውም። እውነቱን ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ተናገሩና በአንድ ዕቃ ቆለፉበት።

እማዬ ይህን ስትነግረኝ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች፣ እየፈታች ነበር። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ፊቷ እንደተቆጧት ሕፃን ፊት ነበር። እጇን ሳምኩ።

መቼም የእኛ ሰው እንዴት እንደሆነ ይታወቃል። በሰርግ ይስቃል፣ ይዘፍናል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ስንት ቤት ሽማግሌ ልኮ መልሶ አስቀርቷል። አባ ተገኝ ከሰሙ ምን ይላሉ?

እማዬ በመጨረሻ፣ የእሳቸውን ድምፅ አድኚው አለችኝ። የእኔ ነገር የራሱ ጉዳይ። መሐላው በእኔ ላይ ይሁን።

አዲሱን ዲስክ ከካርቶኑ አወጣሁ። ለቦሪስ አደረስኩ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ሥራ ገብቻለሁ። ዘሃቫ፣ ምን ሆነሻል፣ ነጭ ሆነሻል ይሉኛል ክሊኒኩ ውስጥ፤ ወርቄን ወደ ዕብራይስጥ መልሰው ነው። ዕንቅልፍ አጥቼ ነው እላለሁ።

ቦሪስ በቀትር ደወለ። አስራ ዘጠኝ ፋይል አወጣ። ድምፁን ትንሽ ሰምቷል፤ ምንም አልገባውም፤ ግን አባትሽ በደንብ ይተነፍሳሉ አለኝ። ደስ አለኝ፤ ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ደግሞ ሌላ ነገር አሰብኩ።

ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ሠላሳ ሦስተኛው ባይወጣስ? ብዬ አሰብኩ። ዲስኩ ራሱ ቢውጠውስ? ማንም አልዋሸ፣ ማንም አልደበቀ። ሽራ ታገባለች፣ እማዬ ታርፋለች። አንድ ሰዓት ያህል ይህን ጸለይኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዕቃው እንዳይበላሽ ስንቀጠቀጥ የኖርኩት ሴትዮ፣ እንዲበላሽ ጸለይኩ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

አለቀ። ሠላሳ ስምንት ወጡ። ሦስቱ አልዳኑም፤ የሚነበቡበት ቦታ ተፍቋል። ሰባተኛው፣ ሃያ ስድስተኛው።

ሠላሳ ሦስተኛው።

ቦሪስ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታ ጠየቀኝ! ምንም አይደለም አልኩት። ከዚያ እንደ ሐኪም መከረኝ። ሁለት ግልባጭ አድርጊ፣ አንዱን ከቤት ውጪ አስቀምጪ፣ በጨርቅ አትጠቅልዪ፣ በዓመት ሁለቴ ክፈቺው፣ አምስት ዓመት ሲሞላው አዲስ ግዢ። እሺ አልኩ። የሰማሁት ግማሹን ነው።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። የሽራ ወገን ቆጠራ ደህና ነው፤ የእኔ አባት ወገን ሁሉ አለ፤ የአንቺ ወገን ያለበት ጠፋ፤ አባ ተገኝ ሰው እንደሚያውቀው አድርገው ይቆጥሩታል፤ በቃ፣ አለቀ፣ እግዚአብሔር ራሱ ዘጋው አልኳት። ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

ጠፋ? አለች። አዎ። እሳቸው ስለ እሷ የተናገሩት ጠፋ? አዎ እማዬ።

ተነሥታ ወደ መኝታዋ ሄደች። ራት አልበላችም። ሻይ አልጠጣችም። በሩን ሁለቴ ከፍቼ አየሁ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳውን ታያለች። ምን አጠፋሁ?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17፤ ጧት

ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ከእኔ ቀድማ ተነሥታለች። ታጥባለች፣ ነጩን ቀሚስ ለብሳለች፣ ሳሎን አባባ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። መሣሪያውን አምጪ አለችኝ። የትኛውን? ድምፅ የሚይዘውን።

ስልኬን ፊቷ አኖርኩ። ልውጣ? አልኳት። እዚሁ ተቀመጪ አለች።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ተናገረች። አልተደናቀፈችም። አያቷ ከየት እንደመጣች፣ በስንት ዓመቷ፣ ምን እንደምትወድ፣ ወተት ስትንጥ የምታንጎራጉረው ነገር በምን ቋንቋ እንደነበረ። የት እንደተቀበረች። እሳቸው ለእኔ ክብር ብለው ያልጠሩትን ስም እኔ እጠራለሁ አለች። አባባ ሠላሳ ሦስተኛው ላይም ስሟን አልጠሩም ነበር ለካ፤ «አንዲት ሴት» ብለው ነው ያለፉት። እማዬ በመጋረጃው ጀርባ ቆማ ሰምታለች። ትናንት ያስኮረፋት የእኔ ጥፋት አይደለም። ስለ አያቷ የተረፈላት ያ ብቸኛ ቃል መጥፋቱ ነው።

ለሽራ ደወልኩ፣ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰች። ለዮሴፍ አሁኑኑ ራሴ እነግረዋለሁ፣ የሚሄድ ከሆነ ዛሬ ይሂድ አለች። ልጄ ከእኔ ትጠነክራለች። መልሳ ግን አልደወለችም። ሁለት ሰዓት አለፈ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

ሁለት ግልባጭ ሠርቻለሁ። አንዱ ከሽራ ጋር ይሄዳል፣ አንዱ እዚህ። በሁለቱም ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ቅጂ አለ፤ የአባባ ሠላሳ ስምንት፣ የእማዬ አንድ። ለፋይሉ ቁጥር ልሰጠው ስል ከለከለችኝ። ቁጥር አይደለችም፣ ስሟን ጻፊበት አለች። ጻፍኩ። ትርንጎ።

አባ ተገኝ ተነሥተው ሊወጡ ይችላሉ። ሽራ ልትጠላኝ ትችላለች። እማዬን ገበያ ላይ በጎን ሊያዩአት ይችላሉ። ቅድሚያ የአባባን ጸሎት ላሰማ፣ ልባቸው ሲለሰልስ የእማዬን ላምጣ ብዬ ነበር። ተውኩት። እማዬ እዚያው ወንበር ላይ ናት፣ አትነሣም።

መኪና ቆመ። የአባ ተገኝ ዘንግ ደረጃው ላይ ይሰማኛል። ከኋላቸው ሌላ የእግር ድምፅ አለ፤ የዮሴፍ ይሁን የሌላ አላውቅም። ከሁሉ በፊት የምከፍተው ትርንጎን ነው።